ከፍቼ ያላየሁት ኮምፒውተር

አባቴን ካሜራ ፊት ለማስቀመጥ ዓመታት ፈጅቶብኛል። የምተዳደረው ሰርግና ክርስትና በመቅረጽ ነው፤ የሰው አባት ሁሉ በእጄ ሲያልፍ የራሴን አንድ ቀን እንኳን በወጉ አልቀረጽኩትም ነበር። ነገሩን ባነሳሁበት ቁጥር «እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ፣ ብሎን ሳጠብቅና ስፈታ ያለቀ ዕድሜ!» ብሎ ያመልጠኛል። የድሮው ባቡር መካኒክ ነበር። በወጣትነቱ ከድሬዳዋ መጥቶ ጅቡቲ ቀረ፤ አሮጌው ባቡር ከቆመ በኋላም አልተመለሰም።

አንድ ዓርብ ግን ሳልለምነው እሺ አለኝ። ኮቱን ደርቦ፣ በዚያ ሙቀት የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ካሜራውን የያዘው ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራው ካሜራማን ነው። የጅቡቲ ሶማሌ ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። አማርኛን የለመደው በእኛው ሰርጎች ላይ ስለሆነ ከ«ደህና ዋላችሁ» በፊት «እልል በሉ» ማለትን ነው ያወቀው። እኔን «ዋላል» ይለኛል፤ እህቴ እንደማለት ነው።

አባቴ ሁለት ዓርብ ሙሉ ተናገረ። መጀመሪያ ባሕር ያየ ቀን ውሃው ጨው ነው ሲሉት አላምንም ብሎ በእፍኙ እንደቀመሰ ነገረን። እናቴን የጠየቃት ጊዜ ደግሞ «ጥፍርህ ውስጥ ያለው ግራሶ ሳይለቅ ቤታችን ሽማግሌ እንዳትልክ» ብላው፣ በሎሚና በአሸዋ እጁን እስኪደማ ሲፈትግ እንደሰነበተ ሲያወራ ካሜራማኑ ሳቁን መያዝ አቅቶት ምስሉ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። አባቴ ጣቶቹን ወደ ካሜራው ዘርግቶ «ይኸው፣ እስከ ዛሬ ንጹሕ ነው» አለ። እናቴ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ይህን ታሪክ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

የምሠራው ካርቲየ 6 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ነው። የተቀረጸውን ቆርጦ፣ አገጣጥሞ፣ ቀለሙን አስተካክሎ ቪዲዮ ማድረግን እዚህ አገር ሁሉም ሰው በፈረንሳይኛው «ሞንታዥ» ይለዋል። የእኔ ሞንታዥ በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ ዋናው ግራፊክስ ካርዱ ነበር። ምስሉ ሳይደነቃቀፍ እንዲሄድ የሚያደርገው፣ ያለቀውን ቪዲዮም ቶሎ የሚያወጣው እሱ ነው። ካርዱን ዱባይ የምትሠራው ታናሽ እህቴ በፎጣ ጠቅልላ፣ ከነካርቶኑ በእጅ ሻንጣዋ አመጣችልኝ። የገጠመልኝ አበልጄ ነው።

አበልጄ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ ሰው ነው። አንድ ግቢ አድገናል፤ ሰንበት ትምህርት ቤት አብረን ዘምረናል። እኔ የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ በነበርኩበት ጊዜ ከሥራ ስወጣ ሱቁ አስቀምጦ ሞንታዥ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከእኔ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ኮምፒውተር የሚጠግንበት፣ ፎቶ የሚያትምበት፣ አልፎ አልፎም ቪዲዮ የሚሠራበት ሱቅ አለው። ኮምፒውተሬ ትንሽ ድምፅ ባሰማ ቁጥር የምደውለው ለሱ ነበር። «ክዳኑን አንቺ እንዳትነኪው፤ የእጅሽ ኤሌክትሪክ ብቻውን ያቃጥለዋል» ይለኝ ስለነበር ከፍቼው አላውቅም። ደግሞስ ምን ብዬ እከፍተዋለሁ? እሱ እያለ!

ሙቀቱ ሊጀምር ሲል፣ የአባቴን ቀረጻ ከመጀመራችን ጥቂት ሳምንት በፊት፣ አበልጄ ሥራ ቦታዬ መጥቶ ኮምፒውተሩን ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«ማራገቢያው አቧራ በልቷል» አለኝ። «ካምሲኑ ሳይነሳ ወስጄ ልጥረግልሽ።»

ካምሲን በክረምቱ ወራት አሸዋ አዝሎ የሚመጣው ትኩስ ነፋሳችን ነው፤ ስሙ ሲጠራ ማንም ሰው እሺ ይላል። ወሰደው። በሦስተኛው ቀን ጠርጎ እንደ አዲስ አድርጎ መለሰልኝ። ምንም አልተቀበለኝም። «በአበልጅ መካከል ምን ምስጋና አለ» ብሎ ሄደ።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ግን ከዚያ ጋር አላገናኘሁትም፤ የማገናኝበት ምክንያት አልነበረኝም። በዚያው ሰሞን ሙቀቱ ገባ፣ መብራትም መቆራረጥ ጀመረ። በዚያው ሰሞን ካሜራማኑ አዲስ ካሜራ ይዞ መጣ፤ ምስሉ ድንቅ ነው፣ ፋይሉ ግን ከድሮው ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ለአንድ በሽታ ሦስት ተጠርጣሪ ሲኖር አራተኛውን የሚፈልግ የለም።

መጀመሪያ ምስሉ እየሄደ ድንገት ይቆምብኝ ነበር። ቀጥሎ ሙሽራዋ ስትስቅ ጉንጯ ላይ አረንጓዴ ሰድር የመሰሉ አራት ማዕዘኖች ይወጡ ጀመር። ቀለም ልጨምር፣ ጽሑፍ ልደርብ ስል ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁርና ፕሮግራሙ «ለምስል የሚሆን ሜሞሪ የለም» ብሎ ይዘጋል። ይህ ነበር የሚያናድደኝ። የካርዱን መረጃ ስከፍት ስሙም ልክ ነው፣ የሜሞሪው መጠንም እህቴ ያመጣችው ካርቶን ላይ እንደተጻፈው ነው። ይህን ሁሉ ሜሞሪ ይዞ እንዴት የለኝም ይላል?

ያላደረግኩት ነገር የለም። ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ገመዱን ቀየርኩ፣ ስክሪኑን ቀየርኩ። መብራቱ ነው ብዬ ስታቢላይዘር ገዛሁ። ሙቀቱ ነው ብዬ ማቀዝቀዣውን ጠዋት ከመግባቴ ጀምሮ ለቅቄ፣ እኔ ሹራብ ለብሼ እየተንቀጠቀጥኩ ሠራሁ፤ ታች ያለው ልብስ ሰፊ ሲያየኝ ይስቅብኛል። ፋይሎቹን ወደ ቀላል ፋይል ለውጬ ስሠራ ትንሽ ይሻለውና ያለቀውን ላውጣ ስል እዚያው ይመለሳል።

በየቀኑ የሆነውን ለአበልጄ እነግረዋለሁ። በትዕግሥት ይሰማኛል።

«ያ አዲሱ ካሜራ ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ሰውዬው አሠራሩን በደንብ አያውቀውም። ፋይሉን አበላሽቶ ነው የሚሰጥሽ።»

«ስድስት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል እኮ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።»

«በድሮው ካሜራ ነዋ! እኔ ምን ቸገረኝ፣ ላንቺ ብዬ ነው። ለማንኛውም የቸኮሉብሽን ሁለቱን ሰርጎች አምጪልኝ፣ እኔ ልሥራልሽ።»

ወስዶ ሠራልኝ። ጥርት ብለው ነው የወጡት። ቤተሰቦቹ ሱቁ ድረስ ሄደው አመሰገኑት። እኔም አመሰገንኩት። እናቱን ቤት ድረስ ሄጄ «እንዲህ ያለ ልጅ ወልደው!» አልኳቸው።

አባቴ በዚያ መሃል ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ስለሱ ሞት እዚህ አልጽፍም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ዘመዶች ተሰብስበው የቀረጽኩት ቪዲዮ አርባው ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይታይ አሉ። ከድሬዳዋም ሰው ይመጣል ተባለ። እሺ አልኩ።

ሁለት ሳምንት ከዚያ ኮምፒውተር ጋር ታገልኩ። አባቴ ይናገራል፣ ይቆማል፤ ይናገራል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል። አንዳንዴ አፉ ተከፍቶ በቀረበት ላይ ምስሉ ይደርቅና እኔ ፊቱን እያየሁ እቀመጣለሁ። በመጨረሻ ቪዲዮው ወጣልኝ። መጀመሪያውን አየሁ፣ መጨረሻውን አየሁ፤ ደህና ነው። መሃሉን አላየሁም። ሥራዬን ያለማየት ልማድ የለኝም፤ ያን ቀን ግን አቅም አጣሁ። እንደገና ሙሉውን ብሰማው የምቋቋመው አልመሰለኝም።

አርባው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቄሱ ጸሎት አድርገው ተቀመጡ፤ ፕሮጀክተሩ በራ። አባቴ ኮቱን እንደለበሰ ነጩ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ሴቶቹ ደረታቸውን ያዙ። ባሕሩን ሲቀምስ ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ፤ ከሞተ ወዲህ መጀመሪያ ደስ ያለኝ ያኔ ነው። እናቴ ላይ ደረሰ። «ጥፍርህ ውስጥ ያለው…» ሲል ፊቱ ተሰነጠቀ። ግራ ዓይኑ ወደ ጉንጩ ወረደ። አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች አፉን፣ ከዚያ ግንባሩን ሸፈኑት። ድምፁ ግን አልቆመም፤ በሰላም ይስቃል፣ ያወራል፤ ግድግዳው ላይ የሚታየው ግን የሰው ፊት አልነበረም። ከኋላ አንዲት አሮጊት «ኧረ በስመ አብ!» ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አንድ ሕፃን አለቀሰ።

የተነሳው አበልጄ ነው። በእርጋታ ሄዶ ፕሮጀክተሩን አጠፋ፤ መጥቶ ትከሻዬን አቀፈኝ።

«አይዞሽ» አለኝ በጆሮዬ። «ካሜራው ነው። ስንት ጊዜ ነግሬሽ ነበር። ፋይሉን ስጪኝ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ።»

በማግስቱ ካሜራማኑን ጠራሁት። ለቅሶ ላይ ከእኛው ጋር ተቀምጦ የሰነበተ ሰው ነው፤ ያን ዕለትም አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ገና ሳይቀመጥ ጀመርኩት።

«አባቴን አበላሸህብኝ» አልኩት።

«እኔ?»

«በማታውቀው ካሜራ ቀረጽከው። ሁለተኛ የማላገኘውን ነገር አጠፋህብኝ።»

«ዋላል፣ ፋይሉን ካሜራው ላይ ከፍተሽ አይተሻል?» አለኝ። «እኔ አይቼዋለሁ። ደህና ነው።»

«አበልጄ አይቶታል። እሱ ባለሙያ ነው።»

«እሱ ባለሙያ ነው» አለ የእኔኑ ቃል ደግሞ። ከቦርሳው ሁለቱን የእኔን ባትሪዎችና የሥራ ክፍሌን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ደረጃውን ሲወርድ ከልብስ ሰፊው ጋር በሶማልኛ ሰላም ተባባሉ። እኔ ጋ ተመልሶ አልመጣም።

አበልጄ የአባቴን ቪዲዮ በአራት ቀን ሠርቶ አመጣው። አንዲት እንከን የለውም። ለዘመድ ሁሉ በስልክ ላከው። መጨረሻው ላይ አባቴ ዝም ካለ በኋላ የሱቁ ስምና አርማ ይወጣል። ሳየው ትንሽ ቆረቆረኝ፤ ወዲያው ግን ራሴን ተቆጣሁ፣ ያን ያህል ለደከመልኝ ሰው ይህን እነፍጋለሁ ወይ ብዬ። ትከሻውን ስሜ አለቀስኩ።

«ፋይሉ እንዴት ዳነ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ፕሮግራም አለኝ፤ የተበላሸውን ይጠግናል» አለ።

ይህ መልስ ለጥቂት ሳምንት በቃኝ። ካሜራማን ስለሌለኝ ራሴው ወጥቼ እየቀረጽኩ፣ በድሮው ካሜራዬ፣ በቀላል ፋይል ሠራሁ። አረንጓዴው አሁንም መጣ። ያኔ ነው መጠርጠር የጀመርኩት፤ ግን ሰውን ሳይሆን ነገሩን ነበር የጠረጠርኩት። አዲሱ ካሜራ የለም። ሙቀቱም በርዷል፤ ጥቅምት ገብቷል። ታዲያ ምን ቀረ?

አንድ ጠዋት የአባቴን የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች፣ ከካሜራው እንደወጡ ያሉትን፣ ከፈትኩ። ፕሮግራሙ ውስጥ ግራፊክስ ካርዱን ተወውና ሥራውን ሁሉ ለዋናው ፕሮሰሰር ብቻ ስጥ የሚል ምርጫ አለ። በጣም ያዘገማል፤ ለዚህ ነው ማንም የማይነካው። እሱን መረጥኩና ቪዲዮውን እንዲያወጣ አዘዝኩት። በካርዱ ቢሆን ከግማሽ ሰዓት በታች የሚያልቀው ሥራ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ፈጀ። ገበያ ሄጄ መጣሁ፤ ልጄን ከትምህርት ቤት አመጣሁ፤ እየሠራ ነው። ሲያልቅ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየነው። ባሕሩ አለ። ሎሚው አለ። ካሜራማኑ ሲስቅ ምስሉ የተንቀጠቀጠችው እንኳ አለች። አባቴ ጣቶቹን ዘርግቶ «ንጹሕ ነው» ሲል አንድ ነጥብ አልጎደለበትም።

ፋይሉ ታሞ አያውቅም ነበር። ያልታመመ ነገር ደግሞ አይጠገንም። አበልጄ «ጠገንኩት» ያለኝ ውሸት ነው። ለምን ዋሸኝ?

በማግስቱ ጠዋት ከልብስ ሰፊው መፍቻ ተዋስኩና የኮምፒውተሩን ክዳን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት። ምንም አልተቃጠለም። ቁምሳጥን ላይ ያስቀመጥኩትን የእህቴን ካርቶን አወረድኩ። ካርቶኑ ላይ ካርዱ ስምንት እግር ያለው የኤሌክትሪክ መሰኪያ እንደሚፈልግ ተጽፏል፤ ውስጥ ያለው ስድስት ነው። ካርቶኑ ጎን ላይ መለያ ቁጥር አለ፤ ካርዱ ጀርባ ላይም ቁጥር አለ። አንዱን ቁጥር በጣቴ ይዤ ከሌላው ጋር አስተያየሁ። ሦስት ጊዜ አስተያየሁ። አይገናኙም። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ እንዲህ ያሉ ካርዶች እንዳሉ አነበብኩ፤ አሮጌና ትንሽ ካርድ ሆኖ ሳለ ሲጠየቅ የትልቁን ስምና የትልቁን ሜሞሪ እንዲናገር የተሰናዳ። ለትንሽ ሥራ ደህና ነው፤ ከባድ ሥራ ሲጫንበት የሌለውን ሜሞሪ ይፈልግና ምስሉን ያበላሻል። ካርዱን በተራ አሮጌ ካርድ ለውጦት ቢሆን ኖሮ፣ መረጃውን ስከፍት አውቀው ነበር። እንዳላውቅ ተብሎ የተመረጠ ካርድ ነው።

ካርዱን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ካርቶኑን በብብቴ ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። እኩለ ቀን ሊሆን ነው፤ በየቀኑ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ሊገባ ስለሆነ መንገዱ ሁሉ ይሮጣል። አበልጄ ብቻውን ነበር፤ አንድ ጎኑ መስተዋት በሆነው የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰርግ ይሠራል። የማውቀው ቤተሰብ ሰርግ ነው፤ የታላቅየዋን ሰርግ እኔ ነበርኩ የሠራሁት።

«ኮምፒውተርህን ክፈትልኝ» አልኩት።

ካርቶኑን አየው። ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው።

«ምን ሆነሻል?»

«ክፈትልኝ። ወይ እኔ ልክፈተው፤ አሁን መክፈት ችያለሁ።»

አልተነሳም። በመስተዋቱ በኩል ስልኬን አስጠግቼ የካርዱን ጀርባ ፎቶ አነሳሁ። ፎቶውን አጎላሁት። ቁጥሩ የእኔ ካርቶን ላይ ያለው ነው።

«ልመልስልሽ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«አንድ ትልቅ ሥራ መጥቶብኝ ነው። ለአንድ ወር ብዬ ነበር። ከዚያ…» አለና ድምፁ ተለወጠ። «አንቺ እኮ መቁረጥና መቀጠል ነው የምትሠሪው። እንዲህ ያለ ካርድ ላንቺ ይበዛል። እኔ ነኝ አቅሙን ያወጣሁት።»

የሰረቀኝን ሰው እያየሁ ነበር፤ ግን ያኔ የመታኝ ስርቆቱ አልነበረም። ያስተማረኝ ይህ ሰው ነው። ሥራዬን ሲያይ «ጎበዝ» ሲለኝ የኖረው ይህ ሰው ነው።

«የአባቴ አርባ ላይ ተቀምጠህ ፊቱ ሲቆራረጥ አየህ» አልኩት። «ለምን እንደሆነ አንተ ብቻ ታውቅ ነበር። ተነስተህ አቀፍከኝ።»

«እንደዚያ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። በእግዚአብሔር!»

«ካሜራማኑስ?»

ወደ ወለሉ አየ። «አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ» አለ።

መፍቻውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት፤ ካርዱን በገዛ እጄ ነቀልኩ። አንዷ ብሎን ወድቃ ጠፋች። የእሱን ካርድ ከቦርሳዬ አውጥቼ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጥኩለት። አላገደኝም፤ አልረዳኝም። ስወጣ «አበልጅ» ብሎ ጠራኝ። አልዞርኩም።

ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። አዳምጠው ሲያበቁ «ልጅሽን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው፤ የሥጋ ዘመድ አይደለም እንዳትይ፣ ከሥጋ ይበልጣል። ይቅር በይው፣ ነገሩንም አታውጪው» አሉኝ። ለእሳቸው ክብር ስል እሺ አልኩ። የሰበሩኝ እሳቸው ሳይሆኑ ሌሎቹ ናቸው። አንድ ግቢ አብረን ያደግን ሴቶች ወሬው በየት እንደወጣ እንጃ፣ ሲደርሳቸው መጥተው «ለአንድ ብረት ብለሽ!» አሉኝ። «አባትሽን ያሳየን እሱ አይደል እንዴ?» አለችኝ አንዷ፣ ስልኳን አውጥታ። እውነቷን ነው። ድሬዳዋም፣ ጅቡቲም፣ ዱባይም ያለው ዘመዴ ሁሉ ስልክ ላይ የአባቴ ፊት የሚያልቀው በሱ ሱቅ አርማ ነው። እኔ በኋላ የሠራሁትን ስልክላቸው «አለን እኮ» ይሉኛል።

ካሜራማኑን ፈልጌ ያገኘሁት ራስ ዲካ፣ ባሕሩ ዳር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሙሽሮች ለፎቶ የሚመጡበት ቦታ። ለሌላ ሰው እየሠራ ነበር። ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ልብስ ሲያስተካክሉ ጠጋ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ካርዱን፣ ቁጥሩን፣ የተሰማኝን ሀፍረት። አላቋረጠኝም።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

«ይቅር ብያለሁ» አለ። ቀስ ብሎ፣ አማርኛውን እየመረጠ ነው የሚናገረው። «ብትጠይቂኝ መልስ ነበረኝ፣ ዋላል። አልጠየቅሽኝም። ነገርሽኝ።»

«ተመለስና አብረን እንሥራ።»

ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። «አሁን ሥራ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ስጪኝ። የአባትሽን ቪዲዮ፣ እኔ እንደቀረጽኩት ያለውን። ለልጆቼ ላሳያቸው እፈልጋለሁ።»

በማግስቱ በፍላሽ ወሰድኩለት። መጨረሻው ላይ የቀራጩን ስም ጽፌበት ነበር፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። አብሮኝ ግን አልሠራም። እኔም ሌላ ካሜራማን አልያዝኩም።

ሰው «ይቅር አልሽው ወይ?» ይለኛል። ይቅር ማለት ምን እንደሆነ በትክክል አላውቅም። ልጄ ለገና ሰላም ይበለው ሲባል እልካለሁ። እኔ አልሄድም። ኮምፒውተሬን አሁን ራሴ እከፍታለሁ፣ ራሴ እጠርጋለሁ፤ ካርዱ ሥራውን ይሠራል። ሥራው ሲበላሽ ግን አሁንም መጀመሪያ የማስበው እሱ ጋ መደወልን ነው። እጄ ስልኩ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው የማስታውሰው። ይህ መቼ እንደሚለቀኝ አላውቅም።

ባለፈው የካቲት አክስቴን ልቀበል ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሄጄ ነበር። ሻንጣ ለሻንጣ ሰው ይጋፋል። ከሚሳፈሩት ሰልፍ ውስጥ አበልጄ ቆሟል፤ ሁለት ትልልቅ ሻንጣና በፕላስቲክ የተጠቀለለ ስክሪን ይዟል። ሱቁን ዘግቶ አዲስ አበባ ሊገባ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣ።

«እንዴት ነሽ፣ አበልጅ? ልጄስ?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። «በሰላም ግባ።»

እጄን ሰጠሁት። ጉንጩን አልሳምኩም። እሱም ጉንጩን ሊያቀርብ ጀምሮ መለሰው።

አክስቴ ላብዋን በነጠላዋ እየጠረገች ደረሰችና ካቀፈችኝ በኋላ ዞር ብላ አየችው። «ማነው ያ ሰው? የማውቀው ይመስለኛል» አለች።

«ኮምፒውተር ይጠግንልኝ የነበረ ሰው ነው» አልኳትና ሻንጣዋን ተቀብዬ ወደ ታክሲው ሄድን። መንገዱን ሙሉ ስለ ሙቀቱ ስታማርር መጣች።